ሜትሩ ከየት ይጀምራል? አንድ ግላይደር ለምን እንደወደቀና ካልኩሌተሬን እንዴት እንደለወጠው

ካልኩሌተሩ

በትርፍ ሰዓቴ የሠራሁት አንድ የኦንላይን ካልኩሌተር አለ። ሞዴል አውሮፕላን በእጃቸው ለሚሠሩ ሰዎች ነው። የክንፉን መጠን፣ የጅራቱን መጠንና በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ታስገባለህ። እሱ ደግሞ አውሮፕላኑ በሁለት ጣት ሲደገፍ የት ላይ ሚዛን መጠበቅ እንዳለበት ይነግርሃል። የፊዚክስ መጽሐፍ የስበት ማዕከል ይለዋል። ልጆቹ ባላንስ ይሉታል። እኔም ባላንስ እላለሁ።

ሒሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ማንኛውም አውሮፕላን ገለልተኛ የሚባል አንድ ነጥብ አለው። ባላንሱ ከዚህ ነጥብ ፊት ከሆነ፣ ነፋስ አፍንጫውን ቀና ሲያደርገው ጅራቱ መልሶ ያወርደዋል። ባላንሱ ከነጥቡ ኋላ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አፍንጫው ትንሽ ቀና ካለ ይብስበታል። ከዚያም ይብስበታል። በመጨረሻ አየር ላይ ይቆምና ይወድቃል።

ስለዚህ ባላንሱን ከገለልተኛው ነጥብ ትንሽ ወደ ፊት እናደርገዋለን። ይህ በመካከል የሚተወው ርቀት በክንፉ ስፋት፣ ማለትም ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ባለው፣ በመቶኛ ይለካል። ከ5 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው። ጀማሪ ወደ 15 ይጠጋል። ልምድ ያለውና ትርዒት የሚያበር ሰው ወደ 5 ይወርዳል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ትርፍ» የምለው ይህንን ነው። በኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

ካልኩሌተሩ ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሠርቷል። ወይም ያለ ችግር የሠራ መስሎኝ ነበር። የሚወድቅ አውሮፕላን ሁሌም አለ። የወደቀበት ሰው ደግሞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ነው የሚያየው። ማንም «ካልኩሌተርህ ጣለኝ» ብሎ አይጽፍም።

ግላይደሯ

ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ካልኩሌተሩን ይጠቀም ነበር። ክበቡን የሚመራው የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ነው። ባለፈው ግንቦት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለክበቡ ማሳያ ግላይደር ሠራች። ሞተር የለውም፣ ሪሞት የለውም። በእጅ ተወርውሮ ተንሳፎ የሚያርፍ ነው።

ፎሙን ያገኘችው እዚያው ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ነው፣ ከፍሪጅ ማሸጊያ። ወገቡ ቀርከሃ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር፣ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን። አግድም ጅራቱ 36 በ11 ሴንቲሜትር። የምትለካው እናቷ ልብስ በምትሰፋበት ሜትር ነበር። ይህ ሜትር የታሪኩ ዋና ባለጉዳይ ስለሆነ ነው የጠቀስኩት።

ሥራዋ ንጹሕ ነበር። እኔ በሷ ዕድሜ የሠራሁትን ባሳያችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ክንፉ አልተጣመመም፣ ጅራቱ ቀጥ ብሏል። ክብደቱን ለማወቅ ከመምህሩ ጋር ወርቅ ቤት ወስደው አስመዘኑት። 300 ግራም። ወርቅ ሻጩ ምን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ ብዙ ሳቁ አሉ።

ካልኩሌተሩ ባላንሱ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 88 ሚሊሜትር ላይ ይሁን አላት። አፍንጫው ላይ ምስማር በስኮች እያሰረች፣ እየፈታች፣ ልክ 88 ላይ አደረሰችው። 87 አይደለም፣ 89 አይደለም። የተነገራትን በትክክል ነው ያደረገችው።

አወዳደቁ

ድሬ ላይ ረፋዱ ከገባ በኋላ ግላይደር መወርወር ድካም ነው። ሙቀቱ አለ፣ ከሰዓት ደግሞ ንፋሱ አለ። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአየር ማረፊያው አቅጣጫ ርቀን፣ ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ተገናኘን። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ጠዋት አይገኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወረወረችው። ግላይደሩ ሦስት አራት ሜትር ሄደ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀሰረ፣ ቆመ፣ በጅራቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለተኛው ሙከራ ተመሳሳይ። መምህሩ «ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ወርውሪው» አላት። ሦስተኛውን ዝቅ አድርጋ ወረወረችው። ይባስ ብሎ ወደ ላይ ተተኮሰና በአንድ ክንፉ ወደቀ። ፎሙ ከመሃል ተሰበረ።

«ካልኩሌተሩ ያለኝን ነው ያደረግኩት» አለች። ለማጉረምረም አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት «አሠራርሽ ላይ የሆነ ነገር ይኖራል» ብዬ መለስኩላት። ይህን ዓረፍተ ነገር ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ አየሩን ከሰስን

መምህሩ አንድ ሐሳብ አመጣ። «የድሬ አየር ነው አቦ! ስስ ነው።» ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። አየር ሲሞቅና ከፍታ ሲጨምር እውነትም ይሳሳል።

ቁጥሩን አብረን ሠራነው። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎግራም ይመዝናል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ያው አየር 0.99 ኪሎግራም ገደማ ይሆናል። በጠዋቱ 25 ዲግሪ ደግሞ 1.02 ገደማ። በቀትር አንድ አምስተኛ ያህል ጎደለ ማለት ነው። ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው ፍጥነት ግን የሚጨምረው በካሬ ሥሩ ስለሆነ 11 በመቶ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ መምህሩ «እንግዲያው ሐረር ወጥተን እንሞክረው፣ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ነበር። ሒሳቡ ይህንንም አልደገፈም። ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በ20 ዲግሪ አየሯ 0.96 ይመጣል። በደንገጎ ዳገት ስትወጣ ቅዝቃዜው የሚሰጥህን ከፍታው መልሶ ይወስድብሃል። ቀትር ላይ ያለች ድሬና ደስ የሚል አየር ያላት ሐረር፣ ለክንፍ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ እኔንም አስገርሞኛል።

ታዲያ እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። የአየር ስስነት አውሮፕላን ቶሎ እንዲሮጥ ያስገድዳል እንጂ ባላንሱን ከቦታው አያንቀሳቅስም። አፍንጫን ወደ ሰማይ አይቀስርም። እኔ ግን ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጅቼ ካልኩሌተሩ ላይ የከፍታና የሙቀት ሣጥን ጨመርኩ። ቆንጆ ሆነ። ሰዎች ወደዱት። ለወደቀው ግላይደር ግን ምንም አልፈየደም። ችግሩ ያለበትን ሳይሆን የምችለውን ነው የሠራሁት።

860

ካልኩሌተሩ አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው። የገቡት ቁጥሮች ሁሉ ሊንኩ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሊንኩን የላከልህ ሰው ያስገባውን በሙሉ ታያለህ። ይህን የጨመርኩት ጓደኛሞች ዲዛይን እንዲለዋወጡ ብዬ ነበር። ጉዳዩ የተፈታው በሱ ነው።

ተማሪዋን ሊንኩን በቴሌግራም እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ከሊንኩ ጋር የተሰበረውን ግላይደር ፎቶ አንስታ ላከች፣ ሜትሩን ከጎኑ ዘርግታ።

ቁጥሮቹን አየኋቸው። ክንፍ 1000 በ200። ጅራት 360 በ110። «ከክንፍ እስከ ጅራት ያለው ርቀት» የሚለው ሣጥን ውስጥ 750። ለብቻቸው ሲታዩ የሚያጠራጥር ነገር የላቸውም። ከዚያ ፎቶውን አየሁ። ሜትሩ እንደሚያሳየው ግላይደሩ ከአፍንጫ እስከ ጅራት መጨረሻ 860 ሚሊሜትር ነው።

750 ሲደመር 110፣ 860።

ጅራቱ የሚጀምርበት 750 እና የጅራቱ ስፋት 110 ተደምረው ጠቅላላ ርዝመቱን ይሰጣሉ። ይህ ሊሆን የሚችለው 750ው የተለካው ከክንፉ ሳይሆን ከአፍንጫው ከሆነ ብቻ ነው። ክንፉ የሚጀምረው ከአፍንጫው 200 ሚሊሜትር ኋላ ነበር። ትክክለኛው ቁጥር 550 ነው።

ደወልኩላት። «ከክንፉ ለምን አልለካሽም?» አልኳት። መልሷ አሁንም ትዝ ይለኛል። «ክንፉ ላይ ዜሮ የለማ። ዜሮው አፍንጫው ላይ ነው።» ሜትሩን አፍንጫው ላይ በፕላስተር ለጥፋ፣ እስከ ጅራት ዘርግታ፣ ሁሉንም ቁጥር ከዚያ ታነባለች። ልብስ ሰፊም፣ አናጢም፣ ግንበኛም የሚለካው እንዲሁ ነው። ጫፍ ትይዛለህ፣ ትዘረጋለህ፣ ታነባለህ። አጉል ለኪ እኔ ነኝ፣ ከመሃል እንዲጀመር የጠየቅኩት።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያጣምም ልንገራችሁ። በ550 ሲሰላ ገለልተኛው ነጥብ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 85 ሚሊሜትር ላይ ነው። በ750 ሲሰላ 98 ላይ ይመጣል። ጅራቱ ሩቅ ነው ብሎ ስላመነ፣ ካልኩሌተሩ ከሚገባው በላይ ጉልበት ሰጠው። ልዩነቱ 13 ሚሊሜትር ነው። የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም።

የእኔ 5 በመቶ

13 ሚሊሜትር ብቻውን ግላይደሩን አይጥለውም ነበር። ይህን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የልኬት ብቻ ከመሰለ ጉዳዩ በግማሽ ተነገረ።

ትርፉ 10 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ የተሳሳተው ስሌት እንኳ ባላንሱን 78 ላይ ያስቀምጠው ነበር። ያ ከእውነተኛው ገለልተኛ ነጥብ 7 ሚሊሜትር ፊት ነው። ግላይደሩ ይቅበጠበጣል፣ ግን ይበራል። ካልኩሌተሩ ውስጥ ቀድሞ ተሞልቶ የሚጠብቀው ትርፍ ግን 5 በመቶ ነበር። ከ98 ላይ 10 ሚሊሜትር ሲቀነስ 88። እውነተኛው ገለልተኛ ነጥብ 85። ባላንሱ 3 ሚሊሜትር ከኋላ ሆነ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ማንም ቢወረውረው አይበርም።

5 ከየት መጣ? ከእኔ። ካልኩሌተሩን ስጀምር የምሠራው ፈጣንና ተገለባባጭ ሞዴል ስለነበር ለሱ የሚመቸኝን ሞላሁ። ከዚያ ረሳሁት። ሣጥኑ «ሌሎች ምርጫዎች» በሚል ታጣፊ ስር ነበር። ተማሪዋ አልከፈተችውም። ማን ይከፍተዋል?

የሷን ልኬት ካየሁ በኋላ የራሴን ቁጥር ለማየት አንድ ቀን ፈጀብኝ። የሌላ ሰው ስህተት ሲገኝ ፍለጋው ያለቀ ይመስላል።

ያልሠሩ ማስተካከያዎች

ትርፉን ወዲያው ወደ 10 ቀየርኩት። ያ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ልኬቱ ግን ብዙ አስለፋኝ።

መጀመሪያ ማብራሪያ ጻፍኩ። «ከክንፉ የፊት ጠርዝ እስከ አግድም ጅራቱ የፊት ጠርዝ ያለውን ርቀት ያስገቡ» የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ አንቀጽ ሙሉ ዝርዝር። ኮርቼበት ነበር። ክበቡ ጋ ሄጄ ያንኑ ግላይደር ለሦስት ልጆች ሰጠኋቸው፣ ለየብቻ። አንዱ 350 አስገባ፤ ከክንፉ የኋላ ጠርዝ እስከ ጅራቱ ያለውን ባዶ ቦታ ለክቶ። አንዷ 550። ሌላው 750። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ማብራሪያ፣ ሦስት መልስ። አንቀጹን ስንቶቻችሁ አነበባችሁት ብዬ ስጠይቅ አንዱ ብቻ እጁን አወጣ። እሱም 350 ያስገባው ልጅ ነበር።

ቀጥሎ ሥዕል ጨመርኩ፣ ቀይ ቀስት ያለበት። ሥዕሉ ከጽሑፉ ይሻላል። ግን ስልክ ላይ ቁጥር ለመጻፍ ኪቦርዱ ሲመጣ ሥዕሉን ሸፍኖት ቁጭ አለ። ሥዕሉ የሚያስፈልገው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው።

ሦስተኛው ሙከራዬ ጥበቃ ነበር። መልሱ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 38 በመቶ ውጭ ከሆነ ካልኩሌተሩ መልስ እንዳይሰጥ አደረግኩት። የተማሪዋ 88 ሚሊሜትር 44 በመቶ ስለሆነ በዚህ ይያዝ ነበር። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሳይቆይ ሐረር ያለ አንድ ተጠቃሚ ጻፈልኝ። ረጅም ወገብና ትልቅ ጅራት ያለው የውድድር ዓይነት ግላይደር ይሠራል። እንዲህ ያሉት ባላንሳቸው የክንፉ ስፋት ግማሽ ላይ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ። ልኬቱ ልክ ነው፣ ዲዛይኑ ልክ ነው፣ የእኔ በር ግን ዘጋበት። ሰውየው ጨዋ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ከእኔ ጋር ተጣልቷል» ብቻ ነው ያለኝ። ክልከላውን አንስቼ ማስጠንቀቂያ አደረግኩት።

የሠራው

በመጨረሻ ተማሪዋ ወደ ነገረችኝ ነገር ተመለስኩ። ዜሮው አፍንጫው ላይ ነው።

የርቀቱን ሣጥን አጠፋሁት። በምትኩ ሦስት ጥያቄ አስገባሁ። ከአፍንጫው ጫፍ ክንፉ እስከሚጀምርበት ስንት ነው? ከአፍንጫው ጫፍ ጅራቱ እስከሚጀምርበትስ? ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መጨረሻው? ሜትሩን አንዴ ትዘረጋለህ፣ ሦስት ቦታ ታነባለህ። መቀነሱን ካልኩሌተሩ ይሠራዋል። መቀነስ የሱ ሥራ ነው እንጂ የሰው አይደለም።

ሦስተኛው ቁጥር ለስሌቱ አያስፈልግም። ያስገባሁት ለማመሳከሪያ ነው። የጅራቱ መጀመሪያና የጅራቱ ስፋት ሲደመሩ ከጠቅላላው ርዝመት ጋር ካልተስማሙ፣ ካልኩሌተሩ «20 ሴንቲሜትር የት ሄደ?» ይላል። ልክ በዚህ ቋንቋ። ቀይ ቀለም የለም፣ «ስህተት» የሚል ቃል የለም። ልጆቹ ሲያዩት ይስቁና ሜትሩን መልሰው ያነሳሉ።

ያንኑ ግላይደር ለአዲስ ሦስት ልጆች ሰጠሁ። የሦስቱም ቁጥሮች በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ተስማሙ።

አንድ ሌላ ማመሳከሪያም ጨመርኩ። የጅራቱ የቆዳ ስፋት በሜትር ካሬ፣ ከክንፉ ሩብ እስከ ጅራቱ ሩብ (ሁለቱም ከፊት ጠርዛቸው ሲቆጠሩ) ባለው ርቀት ተባዝቶ፣ ለክንፉ የቆዳ ስፋትና ከፊት እስከ ኋላ ላለው አማካይ ወርዱ ብዜት ሲካፈል የሚመጣ ቁጥር አለ። ጅራቱ ምን ያህል አቅም እንዳለው ይናገራል። በእጅ በሚሠሩ ሞዴሎች ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.6 ባለው ውስጥ ነው። የዚህ ግላይደር እውነተኛ ቁጥር 0.52 ነው። በተሳሳተው ልኬት 0.72 ነበር። አሁን ከ0.65 ሲያልፍ ገጹ «ጅራትህ በጣም ትልቅ ወይም በጣም ሩቅ ነው፣ እውነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «እውነት ነው» የሚል መልስ መስጠት ይቻላል። የሐረሩ ሰውዬ «እውነት ነው» የምትለዋን እየተጫነ በሰላም ይሠራል።

እግረ መንገዴን ኮማውንም አስተካከልኩ። አንዳንድ ስልክ ላይ ነጥብ ለመጻፍ የሚወጣው ኮማ ነው። አንድ ሰው 12,5 ሲጽፍ ፕሮግራሙ ኮማው ላይ ቆሞ 12 ብቻ ያነብ ነበር። ዝም ብሎ፣ ማንንም ሳያስጠነቅቅ።

አፍንጫዋን ተከለች

ግላይደሩ ተጠገነ። አዲሱ ካልኩሌተር በ10 በመቶ ትርፍ ባላንሱ 65 ላይ ይሁን አለ። ከ88 ወደ 65 ለማምጣት አፍንጫው ላይ ስንት ግራም ይጨመር? ይህን በወረቀት ሠራነው። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 190 ሚሊሜትር ፊት ላይ 27 ግራም። ጠቅላላ ክብደቱ 327 ግራም ሆነ። በሁለት ጣት ስናነሳው 65 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህችን ስሌት ካልኩሌተሩ ላይ ጨመርኳት፤ ከሁሉም በላይ የምትወደደው እሷ ሆና ቀርታለች።

ያው ሜዳ፣ ያው ሰዓት። ወረወረችው። ግላይደሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ቀስ እያለ አፍንጫውን ደፋ፣ መሬት ላይ ተከለው።

መምህሩ እኔን አየኝ። እኔ ግላይደሩን አየሁ። ተማሪዋ ሳቀች። «አሁን ደግሞ በሌላ በኩል» አለች።

ይህ የካልኩሌተሩ ስህተት ሳይሆን ዝምታው ነበር። ባላንሱ ወደ ፊት ሲመጣ አፍንጫው ይከብዳል። ያንን ክብደት የሚሸከመው ጅራቱ ወደ ታች ሲጫን ነው። ጅራቱ እንዲጫን ደግሞ ከክንፉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል አለበት። የፊት ጠርዙ ዝቅ፣ የኋላው ከፍ ይላል። የሷ ጅራት ከክንፉ ጋር ፍጹም ትይዩ ነበር። ትይዩ ማድረግ ትክክል ስለመሰላት ተጠንቅቃ ነው ያደረገችው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 ፓሪስ ውስጥ በላስቲክ ጉልበት የምትበር ሞዴል ሲያሳይ፣ ሳትገለበጥ የሄደችው በዚሁ የጅራት አንግል ነው። ሪሞት ያለው ሞዴል ላይ አብራሪው በጣቱ ያስተካክለዋል። ተወርውሮ የሚለቀቅ ግላይደር ግን የሚያስተካክልለት የለም። እኔ ካልኩሌተሩን የሠራሁት ሪሞት እያሰብኩ ስለነበር አንግሉን ጭራሽ አላነሳሁትም።

ሁለት ዲግሪ ሞከርን። በ110 ሚሊሜትር ስፋት ላይ ሁለት ዲግሪ ማለት የኋላ ጠርዙን 4 ሚሊሜትር ያህል ማንሳት ነው። የደብተር ሽፋን አጣጥፋ ከጅራቱ የኋላ ጠርዝ ስር ወተፈች። ወረወረችው። ከትከሻዋ ከፍታ ተነስቶ፣ አፍንጫውን ሳይቀስርም ሳይተክልም፣ 12 እርምጃ ያህል ተንሳፎ በሆዱ አረፈ። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምነው። ፀሐይዋ እስክታባርረን።

ያ ከንቱ የመሰለኝ የከፍታና የሙቀት ሣጥን እዚህ ጋ ተካሰ። ለ327 ግራምና ለዚያ ክንፍ፣ በድሬ ቀትር ላይ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 5.7 ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ቢሆን 5.1 ይበቃው ነበር። 5.7 ማለት በሰዓት 20 ኪሎሜትር፣ የባጃጅ የዘገየ ጉዞ። ልጆቹ ሲወረውሩ ወይ ያባክኑታል ወይ ይሰስታሉ። «በባጃጅ ፍጥነት ግፉት» ስንላቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገር

የጉዳዩን ማስታወሻ ለመያዝ የወሰንኩት ሌሎች ካልኩሌተር የሚሠሩ ልጆች ስላሉ ነው። አንዱ የጣራ ቆርቆሮ፣ አንዱ የውኃ ታንከር፣ አንዱ የዶሮ መኖ ያሰላል። ቀመሩ ይለያያል፤ የሚያጋጥማቸው ግን ይመሳሰላል።

ቀመሬን አሥር ጊዜ ፈትሼዋለሁ። አንድም ጊዜ ስህተት አላገኘሁበትም፣ ምክንያቱም ስህተት የለበትም። ጥያቄዬን ግን አንድ ጊዜም አልፈተሽኩም ነበር። ጥያቄ የሚፈተሸው በማንበብ አይደለም። አንድ ዕቃ ለሦስት ሰው ሰጥተህ ሦስት ቁጥር በመቀበል ነው። ሦስት ሰው ይበቃል። ወጪው ሦስት ሻይ ነው።

ቀድሞ የተሞላ ቁጥር ምክር ነው። ተጠቃሚው «የሚያውቅ ሰው ይህን መረጠ» ብሎ ነው የሚተወው። ስለዚህ ለጀማሪው የሚሆነውን መሙላት ይገባል። የሚያውቀው ሰው ራሱ ይቀይረዋል።

የማያስፈልግ አንድ ልኬት መጠየቅ ያዋጣል፣ ሌሎቹን የሚያመሳክር ከሆነ። በዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ። ሣጥን ሲበዛ ሰው ይሸሻል ይላሉ። ልክ ነው፣ ስምንት ሣጥን ላይ ዘጠነኛ መጨመር ያስፈራል። እኔ ግን ርቀቱን አጥፍቼ ሦስት ስተካ የሸሸ አላየሁም። ሦስቱም ከአንድ ሜትር ላይ ስለሚነበቡ አይከብዱም።

የገቡትን ቁጥሮች የሚይዝ ሊንክ ከሌላችሁ አሁኑኑ ሥሩ። ያለሱ «አልሠራም» የሚል መልእክት ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ፎቶም ጠይቁ፣ ከሜትር ጋር።

አሁን ያለበት

ካልኩሌተሩ አሁን ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሪሞት አለው ወይስ ተወርዋሪ ነው?» ብሎ ነው። ተወርዋሪ ከተባለ ትርፉ 10 ሆኖ ይጀምራል፣ የጅራቱንም አንግል በሚሊሜትር ይናገራል። በዲግሪ ስጽፈው ማንም ፕሮትራክተር አላነሳም፤ የደብተር ሽፋን ማጠፍ ግን ሁሉም ይችላል።

ወደ ኋላ የተቀለበሰ ክንፍ ገና አልተፈታልኝም። እሱ ላይ «ክንፉ የሚጀምርበት» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሁለት መልስ አለው፣ ሥሩ ላይና ጫፉ ላይ። ለሦስት ልጆች ሰጥቼ ሦስት ቁጥር ተቀብያለሁ። ለጊዜው ገጹ «ይህን ዓይነት ክንፍ ገና አልችልም» ይላል። ተማሪዋ ባለፈው ሳምንት አንድ ንድፍ ልካልኛለች፣ ክንፉ ወደ ኋላ የተቀለበሰ። ከሥሩ ዜሮው የት እንደሆነ በቀይ እስክሪብቶ አመልክታለች። ከእኔ የተለየ ቦታ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ይዘነው እንለካለን።